ከሚኤሶ አቀበት እስከ ሐረር ሜዳ፡ የማሠልጠኛ አውሮፕላን ሞተርና የሳሳው አየር

ከአዋሽ ተነሥቶ በሚኤሶ በኩል ወደ ጭሮ (አሰበ ተፈሪ) የሚወጣውን መንገድ የሚያውቅ ሰው፣ ጭነት የያዘ አይሱዙ አቀበቱን ሲጀምር የሚሆነውን ሳይመለከት አይቀርም። ሾፌሩ ማርሽ ይቀንሳል፤ የሞተሩ ድምፅ ይወፍራል፤ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ጭስ እየጠቆረ ይሄዳል። ብዙዎቻችን ይህን ሁሉ ለዳገቱ እንሰጠዋለን። እርግጥ ነው፣ ዳገት ሸክም ነው። ነገር ግን መኪናው ጭሮ ደርሶ ሜዳማ መንገድ ላይ ሲሄድም ቢሆን፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ቆላ ላይ የነበረውን ጉልበት ሙሉ በሙሉ አያገኝም። ለዚህኛው ምክንያቱ መንገዱ ሳይሆን አየሩ ነው።

ለሐረርጌ ሾፌር የዕለት ተዕለት ገጠመኝ የሆነው ይህ ጉዳይ፣ ቢሾፍቱ በሚገኘው የኢትዮጵያ አየር ኃይል የጦር ሰፈር ደግሞ የሰው ሕይወት የሚመዘንበት ጥያቄ ነው። የሰፈሩ ስም ለአካባቢያችን ሰው ጆሮ እንግዳ አይደለም፤ ሐረር ሜዳ ይባላል። ሐረር ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ፣ ጭሮ ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። ስለዚህ የጭሮ ተማሪ በክፍሉ የሚተነፍሰው አየርና ሰልጣኝ አብራሪ ሐረር ሜዳ ላይ ሞተሩን የሚያስነሣበት አየር በመሳሳታቸው ይቀራረባሉ። በዚህ ጽሑፍ የጦር ማሠልጠኛ አውሮፕላኖች ሞተር እንዴት እንደሚሠራ፣ በተለይም በደጋ ምድር ለሚማር ጀማሪ ምን ሊያሟላ እንደሚገባው እንመለከታለን። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ሞተር የሚበላው ነዳጅ ብቻ አይደለም

አንድ ኪሎ ቤንዚን በአግባቡ ተቃጥሎ እንዲያልቅ 15 ኪሎ ገደማ አየር ያስፈልገዋል። ነዳጁን ከበርሜል እንቀዳለን፤ አየሩን ግን ሞተሩ ካለበት ቦታ ራሱ መሳብ አለበት። በባሕር ጠለል ላይ፣ ሙቀቱ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ጭሮ ላይ፣ ሙቀቱ 10 ዲግሪ በሆነበት ብርዳማ ማለዳ፣ ያው አንድ ሜትር ኩብ የሚመዝነው 1 ኪሎ ያህል ብቻ ነው። ይህ በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ የሚገኝ የአየር መጠነ ቁስ እፍግታ ይባላል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አንድ ስሕተት አለ። በደጋ አየር ውስጥ የኦክስጂን ድርሻ ያንሳል የሚሉ አሉ፤ ድርሻው ግን ቆላም ሆነ ደጋ ያው 21 ከመቶ ገደማ ነው። የሚያንሰው የአየሩ ጠቅላላ ብዛት ነው። አንድ ጣሳ በቆሎና አንድ ጣሳ ፈንዲሻ ስፍራቸው እኩል ነው፤ ክብደታቸው ግን አይገናኝም። የፒስተን ሞተር ሲሊንደርም እንደ ጣሳው ነው። በእያንዳንዱ የመሳብ ምት የሚሰፍረው ይዘት አይለወጥም፤ በሰፈረው ይዘት ውስጥ ያለው የአየር ክብደት ግን እንደ ቦታው ይለያያል።

የአይሱዙው ጭስ የሚጠቁርበትም ምክንያት ከዚሁ ይመነጫል። የናፍጣ መርጫው ፖምፓ እንደ ቀድሞው ናፍጣውን ይሰጣል፤ የሚያቃጥለው አየር ግን ቀንሷል። ሳይቃጠል የቀረው ካርቦን ጥላሸት ሆኖ ይወጣል።

ጭሮ፣ ድሬዳዋና ቢሾፍቱ በአንድ ሚዛን

አየርን የሚያሳሱ ዋና ዋና ነገሮች ሁለት ናቸው፤ ከፍታና ሙቀት። በግምት ከባሕር ጠለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ የአየር እፍግታ 9 ከመቶ ገደማ ይቀንሳል። ይህ ስሌት በየኪሎ ሜትሩ ሙቀቱ በ6.5 ዲግሪ እየቀነሰ እንደሚሄድ በሚያስበው መደበኛ ከባቢ አየር ላይ የተመሠረተ ነው። የዕለቱ ሙቀት ከመደበኛው በላይ በሆነ መጠን ደግሞ በየ3 ዲግሪው አንድ ከመቶ ያህል ተጨማሪ ይጎድላል።

በዚህ መለኪያ ሦስቱን ከተሞች እንመዝናቸው። የድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ 1,160 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 33 ዲግሪ ሲደርስ የአየሩ እፍግታ ከመደበኛው የባሕር ጠለል አየር 82 ከመቶ ያህል ይሆናል። ከእርሱ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የምትገኘው ጭሮስ? በ10 ዲግሪው ማለዳ የጭሮም አየር ያው 82 ከመቶ ገደማ ነው። ማለትም የድሬዳዋ ቀትርና የጭሮ ንጋት ለሞተር አንድ ናቸው። ሐረር ሜዳ ላይ ደግሞ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ከሆነ እፍግታው ወደ 77 ከመቶ ይወርዳል። አውሮፕላኑ የቆመው 1,900 ሜትር ላይ ቢሆንም፣ ሞተሩና ክንፉ 2,650 ሜትር ላይ እንዳሉ ይቆጥሩታል ማለት ነው።

ይህን ለማየት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ጭሮ ላይ ክዳኑን አጥብቀን ዘግተን ድሬዳዋ ይዘነው ብንወርድና ጥላ ሥር ብናቆየው፣ ጎኑ ወደ ውስጥ ገብቶ እናገኘዋለን። ጭሮ ላይ የአየር ግፊቱ 81 ኪሎ ፓስካል ገደማ፣ ድሬዳዋ ላይ ደግሞ 88 ገደማ በመሆኑ፣ የውጭው አየር ጠርሙሱን ይጫነዋል።

ከ«ፀሐይ» እስከ ሳፊር፡ የፒስተን ሞተር ዘመን

የአገራችን አቪዬሽን ገና ከመጀመሪያው ቀን ከዚህ ችግር ጋር የተፋጠጠ ነው። ኦገስት 18 ቀን 1929 አዲስ አበባ ያረፈው ፖቴዝ 25 የተባለው የፈረንሳይ አውሮፕላን የተነሣው ከጅቡቲ፣ ማለትም ከባሕር ዳርቻ ነበር፤ ያረፈው ግን ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ምድር ላይ ነው። በዓመቱ፣ በ1930፣ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ለመሆን በቁ። በ1935 ደግሞ በጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር መሪነት «ፀሐይ» የተሰኘችው ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን አዲስ አበባ ውስጥ ተሠራች። ሞተሯ ሰባት ሲሊንደሮቹ እንደ ከዋክብት ጨረር በዙሪያ የተደረደሩለት፣ 115 የፈረስ ጉልበት ያለው የቼኮዝሎቫክያ ሥራ ነበር። «ፀሐይ» በወረራው ጊዜ ወደ ኢጣልያ ተወስዳ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ከቆየች በኋላ በጃንዋሪ 2024 ለአገሯ በቅታለች።

ከጦርነቱ በኋላ፣ ከ1946 ጀምሮ፣ በስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን መሪነት በቢሾፍቱ የበረራ ትምህርት ሲደራጅ፣ ዋናው የጀማሪዎች አውሮፕላን ሳብ 91 ሳፊር ሆነ። የመጀመሪያው የሳፊር ዓይነት 145 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ነበረው። ፎን ሮዘን በሜይ 1947 በዚሁ አውሮፕላን ከስቶክሆልም አዲስ አበባ ድረስ 6,220 ኪሎ ሜትር ያህል ያለ ዕረፍት በረረ፤ ጉዞው ከ30 ሰዓት በላይ ፈጅቷል። ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ጊዜ ዞረ ብለን ብናስብ፣ እያንዳንዱ ሲሊንደር በዚያ ጉዞ ላይ 1.8 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ነዳጅ አቃጥሏል። አንዲት አነስተኛ ሞተር በዚህ መጠን መታመኗ ለማሠልጠኛነት የመጀመሪያው መመዘኛ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ግን የአየሩ ጥያቄ ነው። የኋለኛው የሳፊር ዓይነት 190 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ተገጥሞለታል። ይህ ቁጥር የተለካው በባሕር ጠለል ነው። እፍግታው 77 ከመቶ በሆነበት የቢሾፍቱ ከሰዓት በኋላ ሞተሩ የሚያወጣው 140 ያህል ብቻ ይሆናል። ጉልበቱ ከአየሩም በበለጠ መጠን የሚቀንሰው፣ በሞተሩ ውስጥ ሰበቃን ለማሸነፍ የሚጠፋው ኃይል አየሩ ሲሳሳ በዚያው ልክ ስለማይቀንስ ነው።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። ክንፍም እንደ ሞተር የሚሠራው በአየር ነው። አየሩ ሲሳሳ አውሮፕላኑን ለማንሣት የሚያስፈልገው ፍጥነት በ14 ከመቶ ይጨምራል። እንቅስቃሴያዊ ጉልበት ከፍጥነት ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ መንደርደሪያው ላይ የሚያስፈልገው ጉልበት በ30 ከመቶ ይበልጣል። የሚገፋው ኃይል ቀንሷል፤ የሚፈለገው ደግሞ ጨምሯል። ሁለቱ ሲደማመሩ፣ በባሕር ጠለል 300 ሜትር ተንደርድሮ የሚነሣ ቀላል የፕሮፔለር አውሮፕላን በቢሾፍቱ ሞቃት ቀን ወደ 600 ሜትር የሚጠጋ መንደርደር ይኖርበታል። ከተነሣም በኋላ ሽቅብ የሚወጣው በዝግታ ነው። ጀማሪ ደግሞ አፍንጫውን ቀድሞ የማንሣት ጠባይ አለው፤ ቆላ ላይ ይቅር የሚባልለት ይህ ስሕተት ደጋ ላይ አውሮፕላኑን ከአየር ሊያስጥለው ይችላል።

ለዚህ ችግር መሐንዲሶችና አሠልጣኞች በርካታ መላዎች አሏቸው። አብራሪው የነዳጁን መጠን በእጀታ ቀንሶ ከሳሳው አየር ጋር ያመጣጥነዋል። በረራው አየሩ ሳይሞቅ በማለዳ ይጀመራል። መንደርደሪያው ይረዝማል። ከሁሉም በላይ ግን ሞተሩ አየሩን ጨምቆ የሚያጎርስ መጭመቂያ ይገጠምለታል። አገራችን ከሳፊር ቀጥሎ የተጠቀመችበት ቲ-28 ትሮጃን የተሰኘው የአሜሪካ ማሠልጠኛ እንዲህ ያለ መጭመቂያ ያለው ነበር፤ እንደ ዓይነቱም ከ800 እስከ 1,425 የፈረስ ጉልበት ያወጣ ነበር። ዛሬ ቱርቦ ያለው የጭነት መኪና የሚኤሶን አቀበት ከሌላው ቀሎት የሚወጣበት ምስጢርም ይኸው አየርን ጨምቆ ማጉረስ ነው።

ጄት፡ ብዙ ጉልበት፣ የዘገየ መልስ

በ1950ዎቹ መጨረሻ ቲ-33 የተባለው ባለ ሁለት መቀመጫ የጄት ማሠልጠኛ ወደ ቢሾፍቱ ሲመጣ፣ የሞተሩ ዓይነት ከሥሩ ተለወጠ። በ1980ዎቹ ደግሞ የቼኮዝሎቫክያው ኤል-39 አልባትሮስ ተተካ። የኤል-39 ሞተር፣ ኤ.አይ.-25 ቲ.ኤል.፣ የተነደፈው በዩክሬን ዛፖሪዥያ ሲሆን፣ የዚሁ ሞተር ቀዳሚ ዓይነት ያክ-40 በተሰኘው የመንገደኞች አውሮፕላን ላይ ሦስት ሆኖ ይሠራ ነበር።

የጄት ሞተር የሚሠራቸው ሥራዎች ከመኪና ሞተር ጋር አንድ ናቸው፤ መሳብ፣ መጭመቅ፣ ማቃጠልና ማስወጣት። ልዩነቱ፣ የመኪና ሞተር አራቱን በአንድ ሲሊንደር ውስጥ በየተራ ሲያከናውን፣ ጄት ግን በአራት ተከታታይ ስፍራዎች ያለ ማቋረጥ በአንድ ጊዜ ያከናውናቸዋል። ከፊት አየሩ ይገባል፤ መጭመቂያው ያፍነዋል፤ በማቃጠያው ክፍል ነዳጅ ይረጭበታል፤ የጋለው ጋዝ ተርባይኑን አሽከርክሮ ወደ ኋላ ይወነጨፋል። ተርባይኑ ያገኘውን ኃይል በዘንግ አማካይነት ወደ ፊት ልኮ መጭመቂያውን ያዞረዋል። በኤ.አይ.-25 ቲ.ኤል. ላይ ዘንጎቹ ሁለት ናቸው። ከፊት ያለው ማራገቢያ ከሚስበው አየር አንዱ እጅ ወደ ማቃጠያው ሲገባ፣ ሁለት እጅ ያህሉ በዙሪያው አልፎ ይሄዳል። ይህ ነዳጅ ይቆጥባል፤ የትምህርት ሰዓትንም ያረክሳል።

ሞተሩ በባሕር ጠለል 1,720 ኪሎ የሚደርስ ገፊ ኃይል አለው። በሞቃት የቢሾፍቱ አየር፣ በግምታዊ ስሌት፣ ከዚህ የሚቀረው 1,300 ኪሎ ገደማ ነው። ይህም ቢሆን ለማሠልጠን ይበቃል። ከጉልበቱ ይልቅ ጀማሪውን የሚፈትነው ሌላ ጠባይ ነው። አብራሪው የነዳጅ መስጫ እጀታውን ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው በአንድ ጊዜ ቢገፋው፣ ኤ.አይ.-25 ቲ.ኤል. ሙሉ ጉልበቱን ለመስጠት ከ9 እስከ 12 ሰከንድ ይወስድበታል። የፒስተን ሞተር ግን ወዲያው ይመልሳል።

ለምን ዘገየ? መጭመቂያውና ተርባይኑ ከባድ ተሽከርካሪ ብረቶች ናቸው፤ ከዝግታ ወደ ከፍተኛ ሽክርክሪት ለመድረስ ጊዜ ይፈልጋሉ። ነዳጁን ቶሎ ማብዛትም መፍትሔ አይሆንም። መጭመቂያው በቂ አየር ሳያቀርብ ነዳጅ ቢበዛ ተርባይኑ ከመጠን በላይ ይግላል፤ አለዚያም የታመቀው አየር ወደ ኋላ ተመልሶ ሞተሩን ያናውጠዋል፣ ሊያጠፋውም ይችላል። ስለዚህ የነዳጅ መቆጣጠሪያው አብራሪው የጠየቀውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አይሰጥም።

የእነዚህን ሰከንዶች ዋጋ እናስላ። ሰልጣኙ ለማረፍ እየወረደ ነው እንበል፤ የፍጥነት መለኪያው በሰዓት 220 ኪሎ ሜትር ያሳያል። መለኪያው የሚሠራው በአየር ግፊት በመሆኑ፣ በሳሳ አየር ውስጥ እውነተኛው ፍጥነት ከሚታየው ይበልጣል፤ በእኛ ስሌት በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር፣ በሰከንድ 70 ሜትር ገደማ ይሆናል። ሰልጣኙ ከመንደርደሪያው በፊት ዝቅ ማለቱን ተገንዝቦ እጀታውን ገፋ። በ10 ሰከንድ ውስጥ አውሮፕላኑ 700 ሜትር ወደ ፊት ሲሄድ፣ በተለመደው የ3 ዲግሪ ቁልቁለት 36 ሜትር ያህል ወደ ታች ይወርዳል። ሲጀምር ከመሬት 30 ሜትር ብቻ ከነበረ ጉልበቱ የሚመጣው ከዘገየ በኋላ ነው። የጄት ተማሪ ቀድሞ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ፣ በማረፍ ላይ እያለ ሞተሩን ወደ ዝቅተኛው ሽክርክሪት ፈጽሞ አለማውረድ ነው። የክንፉን መዝጊያዎችና ጎማዎቹን አውርዶ የአየሩን ጫና ያበዛል፤ ሞተሩን ግን ነቅቶ እንዲቆይ ያደርገዋል። ጉልበትን ከማስፈለጉ አስቀድሞ መጠየቅ ለአንድ አብራሪ ዕድሜ ልክ የሚጠቅም ልማድ ነው።

መካከለኛው መንገድ

በሁለቱ መካከል ቱርቦፕሮፕ የተሰኘ ሦስተኛ ዓይነት ሞተር አለ። ውስጡ ጄት ነው፤ የተርባይኑ ኃይል የሚውለው ግን በአብዛኛው ፕሮፔለር ለማዞር ነው። የኢትዮጵያ አየር ኃይል የተጠቀመበት የኢጣልያው ኤስ.ኤፍ.260 ቲ.ፒ. ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። የሞተሩ ጉልበት 350 የፈረስ ጉልበት ተብሎ ተወስኗል። ሞተሩ በተፈጥሮው ከዚህ የሚበልጥ ማውጣት ይችል ነበር፤ ነገር ግን ሆን ተብሎ ተገድቧል።

ያለውን ጉልበት መገደብ ለምን አስፈለገ? መልሱ ያለው በደጋው አየር ላይ ነው። በባሕር ጠለል የታገደው ትርፍ፣ አየሩ ሲሳሳ እንደ መጠባበቂያ ያገለግላል። የፒስተን ሞተር ከመሬት ከፍ ባለ ቁጥር ሲዳከም፣ ይህኛው እስከ ተወሰነ ከፍታ ድረስ 350ውን ሳያጎድል ይሰጣል። በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ የዘመኑ የበረራ ትምህርት ቤቶች ለመጀመሪያው ደረጃ ቱርቦፕሮፕን የሚመርጡት አንደኛው ለዚህ ሲሆን፣ ሌላው ደግሞ ሰልጣኙን ወደ ጄት ጠባይ ቀስ በቀስ ስለሚያለማምድ ነው።

ከጉልበት ባሻገር ያለው ሸክም

የማሠልጠኛ ሞተር ኑሮ ከሌሎች ሞተሮች ኑሮ ይከብዳል። የመንገደኞች አውሮፕላን አንድ ጊዜ ተነሥቶ ለሰዓታት በአንድ ዓይነት ጉልበት ይበራል። ሰልጣኝ ግን በአንድ የትምህርት ሰዓት ውስጥ ደጋግሞ ያርፋል፣ ደጋግሞ ይነሣል። በእያንዳንዱ ጊዜ የተርባይኑ ምላጮች ይግላሉ፣ ይለጠጣሉ፤ መልሰው ይቀዘቅዛሉ፣ ይኮማተራሉ። ሽቦን ወዲያና ወዲህ ደጋግመን ብናጥፈው መጨረሻ ላይ እንደሚሰበር ሁሉ፣ ብረትም በዚህ መፈራረቅ ይደክማል። በመሆኑም የእነዚህ ክፍሎች ዕድሜ የሚቆጠረው በበረራ ሰዓት ብቻ ሳይሆን በመጋልና በመቀዝቀዝ ዙሮችም ጭምር ነው። የመካኒኩ መዝገብ በትክክል ካልተያዘ፣ የአብራሪው ችሎታ ብቻውን አያድነውም።

እንግዲህ የማሠልጠኛ ሞተር የሚመረጠው በፍጥነቱ አይደለም። ሦስት ጥያቄዎች ይቀርቡለታል። እጅግ ሞቃት በሆነው ቀን፣ ከፍ ባለው ሜዳ፣ ምን ያህል ጉልበት ይቀረዋል? ለተሳሳተ እጅ በስንት ሰከንድ ይመልሳል? ስንት ጊዜ ግሎ ስንት ጊዜ ቢቀዘቅዝ ይታመናል? ሐረር ሜዳ ላይ ለሚቀመጥ የ20 ዓመት ወጣት የእነዚህ መልስ ከመጽሐፍ ዕውቀት በላይ ነው።

በጭሮ የምትገኙ የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ሆናችሁ የገለምሶ፣ የበዴሳና የሂርና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ስሌቱን በራሳችሁ ከተማ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። የሚያስፈልጋችሁ የከተማችሁ ከፍታ፣ ቴርሞሜትርና ከላይ የሰጠናቸው ሁለት መለኪያዎች ብቻ ናቸው። በማለዳና በቀትር ያገኛችሁትን ውጤት አነጻጽሩ። ልዩነቱ የሚያህለው፣ አንድ ሰልጣኝ በማለዳ ያለ ስጋት የተነሣበት ሜዳ በቀትር የሚያጥርበትን ርቀት ነው።